ማንም ይግባ የተባለበት ሰዓት

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። አባቴ ደብረ ወርቅ አካባቢ የገጠር ቄስ ናቸው፣ ሰው መጥቶ ጥላ ተከተለኝ፣ ድምፅ ጠራኝ ሲላቸው «እራትህን በልተህ ተኛ፣ የጠራህ ሆድህ ነው» ብለው ነው የሚሸኙት፣ እኔም በእሳቸው ወጥቼ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው የጅን ወሬ ሲያወሩ ወይ እተኛለሁ ወይ በሆዴ እስቃለሁ። ይህን የምጽፈውም ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ በአፍ መናገር ስለማይሆንልኝ ነው፣ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ስጽፍ ግን ማንም አያየኝም፣ እናንተንም እንደ ወዳጅ ቆጥሬ ነው የማጫውታችሁ።

ቢቸና ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነኝ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ አሁን ታናሽ እህቴን አብራኝ አድርጌ አስተምራለሁ፣ የቤት ኪራዩም ደብተሩም ሽሮውም የሚወጣው ከዚያችው ደመወዝ ነው። ታዲያ እኔ ቋሚ አይደለሁም፣ ኮንትራት ነኝ፣ ሰኔ ሲያልቅ ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል፣ ኃላፊው ካደሱልኝ አደሱልኝ፣ ካላደሱልኝ ሐምሌ ሲገባ መጥረጊያውን ሌላ ሴት ትይዘዋለች፣ እህቴም ትምህርቷን ጥላ ሁለታችንም ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ ገጠር ነው። ይህ ነገር በደረሰብኝ ቀን ጠዋት እኔ የፈራሁት ሌላ ምንም ሳይሆን ይህንን ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው የሰኔ መጨረሻ፣ በጀት በሚዘጋበት ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሳምንት ሰው ሰላም አይባባልም፣ ሁሉም ሪፖርት ሪፖርት እያለ ይራወጣል። ጠዋት ገብቼ እንደ ልማዴ ኮሪደሩን ወለወልኩ፣ ከዚያ የሰርቨር ክፍል የሚሏትን ጠባብ ክፍል ከፍቼ አቧራዋን በብሩሽ አነሣሁ፣ ውስጧ ትናንሽ መብራት የሚያበሩ ጥቁር ሳጥኖች ናቸው ያሉት፣ ሽቦአቸውን አልነካም፣ እንዳልነካ ተነግሮኛል። ወጥቼ መወልወያዬን ሳልጨምቅ ከየቢሮው ጫጫታ ተነሣ።

«የኔ አልገባ አለኝ!»

«የኔም እምቢ አለ! ፓስወርዴን ረሳሁት እንዴ?»

ከሒሳብ ክፍል አንዷ አንገቷን በበሩ አውጥታ «ምን ይደረግ፣ ስመኝ ወለሉን ስትጠርግ ኔትወርኩንም አብራ ጠርጋ ጣለችው» አለችና ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ፣ ስመኝ እኔ ነኝ። ኃላፊያችን አቶ በላቸው ግን አልሳቁም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ምን ነካሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ነው ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ሥራ ያስፈታው? ስሚ፣ ሪፖርቱ ዛሬ ካልሄደ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ እኔ ከተጠየቅኩ ደግሞ አንቺ ኮንትራት አሳድሳለሁ ብለሽ ደጄን እንዳትረግጪ፣ መጥረጊያሽን አስረክበሽ ወደ ደብረ ወርቅሽ!»

ወዲያው ሞጣ ቅርንጫፍ ያለውን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ጀማልን፣ በስልክ ጠሩት። ጀማል እየመጣሁ ነው፣ እስከዚያ ማሽኗ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አይታችሁ ንገሩኝ ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ አቶ በላቸው ክፍሏ ውስጥ ገብተው ቆይተው «ይኸው ቀኑ ራሱ ተበላሽቶ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ» እያሉ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። ምን እንዳስተካከሉ የጠየቀ የለም። ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም ማንንም አያስገቡም።

ጀማል ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ ከሚኒባሱ መውረጃ በእግሩ መጥቶ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ጥበቃው አያ ምኒችል በሩ ላይ ቆመው «ሞጣ ጭቃ የለም እንዴ፣ የኛን ተሸክመህ ልትሄድ ነው?» አሉት፣ እሱም «የሞጣ ጭቃ ሰው ያከብራል አያ ምኒችል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው» አላቸው። ሳቂታ ልጅ ነው ጀማል። አቶ በላቸው ግን ለሳቅ ጊዜ አልሰጡትም፣ እኔንም በጣታቸው እየጠቆሙ «ይቺ ናት፣ አብራህ ትግባ፣ እስኪስተካከል ከዚያ ክፍል አትወጣም» አሉ፣ እኔም እንደ እስረኛ ተከትዬው ገባሁ፣ ባልዲዬን ደፍቼ ተቀመጥኩበት።

ጀማል ትንሽ ጎርጎር አደረገና ወደኔ ዞረ፣ «እህቴ፣ አንቺ ምንም አልነካሽም። ይቺ ሰርቨር የበር ጠባቂ ማለት ናት፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ሲመጣ ማን ነህ ትለዋለች፣ እሱም መልሶ አንቺስ ማን ነሽ ይላታል፣ ያን ጊዜ ሰርተፊኬቷን ታሳያለች። እንደ ቀበሌ መታወቂያ በይው። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበት ነው፣ ኮምፒውተሮቹ አናውቅሽም አሏት፣ በቃ። አዲስ አወጣላታለሁ፣ ያልቃል» አለኝ። እመኑኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ የወሰድኩት ያኔ ነው።

ግን አላለቀም። አዲሱን ሰርተፊኬት ሠርቶ ሲያስገባው እምቢ አለ፣ ደግሞ ሠራ፣ ደግሞ እምቢ አለ። ጀማል ስክሪኑን እያየ «ገና አልተወለደም ትላለች! አሁን እጄ ላይ የተወለደውን!» እያለ ራሱን ያካል። አቶ በላቸው በየደቂቃው ብቅ እያሉ «እና?» ይላሉ፣ እኔንም ያዩኛል። በመጨረሻ ጀማል ተሰላቸ፣ «እሺ ጌታዬ፣ ለጊዜው ሰርተፊኬትም እንዳታሳይ፣ ማንነትም እንዳትጠይቅ አደርጋታለሁ፣ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፣ ግን ሪፖርታችሁን ላኩበት፣ ከዚያ መልሼ እዘጋዋለሁ» አላቸው። ጣቱን አንሥቶ «ማንም ይግባ!» ብሎ ጮክ ብሎ ቁልፉን ተጫነው።

አያ ምኒችል ከበሩ ላይ «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ በሰኔ ጾም እንዲህ አይባልም፣ ክርስቲያን ይግባ በል» አሉት።

«እኔስ የት ልደር ታዲያ አያ ምኒችል?» አላቸው ጀማል፣ እሳቸውም «አንተማ ገብተህ የለ» ብለው ተሳሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ከየቢሮው «ገባ! ገባልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጀማል ሊሰግድ ሲወጣ «ማንም እንዳይነካት ጠብቂልኝ» አለኝ፣ ለጨዋታም ብሎ ነው መሰል ጠፍጣፋውን ሳጥን አሳየኝ፣ በተርታ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የተሰካው ሽቦ ወደ አንድ ቢሮ ይሄዳል፣ ሰውዬው ሥራ ላይ ከሆነ ከቀዳዳው በላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ኮምፒውተሩን ሲዘጋ ይጠፋል። ይቺ ሒሳብ ክፍል፣ ይቺ አቶ በላቸው፣ እያለ ነገረኝና ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ገና አልመሸም፣ ግን ደመናው ስለከበደ ክፍሏ ጨልማለች። ሰዎቹ ሪፖርታቸውን እየላኩ፣ ጃንጥላ እየተዋዋሱ፣ እየተንጫጩ ሲወጡ ይሰማኛል፣ መብራቶቹም አንድ በአንድ እየጠፉ ሄዱ። የሒሳብ ክፍሏ ጠፋች። የአቶ በላቸው ብቻ ቀረች። ያን ጊዜ ነው ከታች ጥግ ላይ ሌላ መብራት የበራው።

ጀማል የረሳው ቢሮ ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሽቦ የለውም። ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ጠዋት አቧራውን በብሩሽ ያወጣሁለት ቀዳዳ፣ ግን ከበላዩ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን እንደሚለው። ጣቴን አስጠጋሁ። አየር ይወጣል። ደረቅና የማይቋረጥ ቢሆን የማሽን ነው እል ነበር፣ ይሄ ግን ሞቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ቆም እያለ የሚመጣ ነው፣ የደከመው ሰው አፉን ከፍቶ እንደሚተነፍሰው። ጣቴን መለስኩና በቀሚሴ ጠረግኩት፣ ለምን እንደጠረግኩት አላውቅም።

ከኮሪደሩ «ስመኝ!» የሚል የጀማል ድምፅ መጣ።

እናቴ ሲመሻሽ በአንድ ጥሪ አቤት አይባልም ትል ነበር፣ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፣ ሦስቴም ይጠራል፣ ሰው ያልሆነ ግን አንዴ ጠርቶ የሚመልስለትን ይጠብቃል ትላለች፣ እኔ እንኳን እስቅባት ነበር። በዚያን ሰዓትም ዝም ያልኩት አምኜበት አይደለም፣ ዱሮም ሲጠሩኝ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም። አፌን ከፍቼ ቃሉን ሳዘጋጅ ከማሽኑ ኋላ፣ ከግድግዳው በኩል፣

«አቤት!» ተባለ።

የኔ ድምፅ ነው። የኔን የሚመስል አላልኳችሁም፣ የኔ ነው፣ ሰው የገዛ ድምፁን አይስተውም። ልዩነቱ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ጮክ ብዬ፣ እንዲህ ሳልፈራ አቤት ብዬ አላውቅም።

ከዚያ የላስቲክ ጫማዬ ድምፅ መጣ፣ ውሃ ሲገባበት ጭርቅ ጭርቅ የሚል ነገር አለው፣ እግሬን አየሁት፣ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው፣ እግሬም አልተንቀሳቀሰም፣ ደረቅ ነው። በሩ ሳይከፈት ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ተሰማ፣ በበሩ ሥር ጥላ አለፈ፣ ወደ አቶ በላቸው ቢሮ ነው የሚሄደው። እኔ የሳቸውን በር ሳንኳኳ በጣቴ ጫፍ ነው። ያቺ ግን በቡጢ መታችው።

«ማን ነው? አንቺ ነሽ? ማን ግቢ አለሽ?» አሉ አቶ በላቸው፣ በሩም ተዘጋ።

የዝናቡ ድምፅ እንዳይበልጥብኝ ጆሮዬን ክፍሏን ከቢሯቸው በሚለየው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ድምፄ ይናገራል። ቃሉ አይለይም፣ ግን ሳያቋርጥ፣ ሳይቸኩል፣ ረጋ ብሎ ያወርደዋል፣ ልክ ብዙ ዘመን አጠራቅሞ እንደቆየ ሰው። ተነሣሁና ሮጬ የክፍሏን በር ያዝኩ። በሩ አልተቆለፈም፣ ቁልፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እጀታውን ሳዞረው ግን ከወዲያ በኩል ተይዟል፣ ስስበው ይስበኛል፣ ስተወው ይተወኛል፣ ደግሜ ስይዘው ደግሞ ያዘኝ። ዞሬ ሳይ ባዶዋ ቀዳዳ መብራቷ ፈጥኖ ፈጥኖ ይርገበገባል።

ወዲያው የአቶ በላቸው ድምፅ ከዝናቡ በላይ ወጣ፣ «እሺ! እሺ አልኩ እኮ! ስለ እግዚአብሔር!» አሉ። እኚያ ሰውዬ ለበታች ሰው እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሣቄን ሰማሁ፣ ረጅም ሣቅ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት እኔ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

በሩ በድንገት ተከፈተ። ጀማል ነው። «ምነው በር ይዘሽ ትታገያለሽ?» አለ፣ ፊቴን ሲያይ ድምፁ ተለወጠ፣ «ቅድም ጠራሁሽ፣ አቤት ብለሽ በአጠገቤ አለፍሽ፣ ዞረሽም አላየሽኝ፣ ተቆጣሽ እንዴ ብዬ አያ ምኒችል ዘንድ ቆየሁ። መቼ ነው የተመለስሽው?»

«አልወጣሁም» አልኩት።

ወለሉን አየው። ጠዋት የወለወልኩት ኮሪደር ላይ የእርጥብ ጫማ ዱካ አለ፣ ከክፍሏ በር ይጀምርና እስከ አቶ በላቸው በር ይሄዳል፣ የመመለሻ ዱካ የለም። ጫማዬን አየ፣ ደረቅ ነው። ከዚያ ባዶዋን ቀዳዳ በጣቴ አሳየሁት። ያ ሳቂታ ልጅ ከንፈሩ አመድ መሰለ፣ ተቀምጦ የማሽኗን ቁልፎች ይመታ ጀመር፣ ጥቂት ቆይቶ «ያ አላህ፣ ቀኑን ማን ነካው?» ብሎ ጮኸ።

ለካ የነኩት አቶ በላቸው ኖረዋል። ማሽኗ ላይ የፈረንጁን ዓመት ሲያዩ የተሳሳተ መስሏቸው በኛ ዓመተ ምሕረት ለውጠውታል፣ እሷ የምታውቀው ደግሞ የፈረንጁን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት እንዳለች ነው የቆጠረችው፣ አዲሱንም ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም ያለችው ለዚህ ነው። ጀማል ቀኑን መለሰ፣ ሰርተፊኬቱን አስገባ፣ አንዴም ሳታንገራግር ተቀበለችው። በሩን ሊዘጋው ጣቱን አንሥቶ ግን ቆመ።

«ይሄን ስጫን ያልታወቀ ሁሉ ይወጣል» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ተጫነው። የማሽኗ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው መልሰው ሲበሩ ባዶዋ ቀዳዳ ጨልማ ቀረች። ሁለታችንም ወደ ኮሪደሩ ጆሮ ሰጠን፣ የሚመለስ ኮቴ የለም።

«ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ማሽኗ የቆመችው ዱሮ ላይ ነው» አለ ጀማል ቀስ ብሎ፣ «እኔም ማንም ይግባ አልኳት።»

አቶ በላቸው ከቢሯቸው ሲወጡ ግድግዳውን ታከው ነበር፣ ኔትወርኩ ተስተካከለ ወይ ብለው አልጠየቁም፣ ጃንጥላቸውን ረስተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ጀማልም ቢቸና ማደር አልፈለገም፣ አያ ምኒችል እኔ ዘንድ እደር ቢሉት እምቢ ብሎ ወደ ሞጣ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ለምኖ ተሳፈረ።

ሰኞ አቶ በላቸው አስጠሩኝ። አለቀልኝ ብዬ ነው የገባሁት። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ለኔ ተነሥተው አያውቁም፣ ዓይኔን ሳያዩ «ኮንትራትሽ ታድሷል» አሉኝ። ላመሰግን አፌን ስከፍት «ያልሽኝን አድርጌያለሁ፣ አንቺም ቃልሽን ጠብቂ» አሉ። የምን ቃል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር፣ እኔ ግን አልወጣልኝም፣ የወጣልኝ «እሺ» ብቻ ነው።

በገበያ ቀን ሞጣ ሄጄ ጀማልን ፈለግኩት፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «መጀመሪያ ንገሪኝ፣ በዚያን ቀን አያ ምኒችልን የት ልደር ብዬ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ?» አለኝ፣ እውነተኛዋ ስመኝ መሆኔን ሊያጣራ ነው። «አንተማ ገብተህ የለ አሉህ» አልኩት። ልቡ ይመለሳል ብዬ ነበር። ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና «እሱን እሷም ሰምታው ይሆናል፣ በሩ ክፍት ነበር» ብሎ የሻዩን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። አሁን ማሽኗን እዚያው ሞጣ ሆኖ ነው የሚያስተካክላት፣ ቢቸና አይመጣም።

ከዚያ ወዲህ አቶ በላቸው ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ በአፋቸው አይሰድቡኝም፣ ግን በዓይናቸው የሚጠሉኝ ጥላቻ ይሰማኛል፣ ሰው ውሻውን ሲፈራ እንደሚጠላው ዓይነት ነው። ቀስ ብለው «ቃልሽን እየጠበቅሽ ነው?» ይላሉ፣ እኔም «አዎ» እላለሁ። ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ ሳላውቅ እንዳላፈርሰው እየፈራሁ ነው የምጠርገው፣ የምናገረውንም የምሄድበትንም እየመዘንኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ድረስ መጡ። ሸሚዛቸው አልተተኮሰም፣ ዓይናቸው ቀልቷል። «ቤቴ አትመጪም ተባብለን ነበር» አሉኝ፣ «ልጆቼ ፊት! ትናንት እራት ላይ፣ ልጆቼ ፊት ገብተሽ ትቀመጫለሽ?»

እመኑኝ፣ ትናንትና እራት ላይ እኔ ከእህቴ ጋር ነበርኩ፣ እሷ ለፈተና ስታጠና ሻማ ይዤላት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ። እኔ አይደለሁም ልላቸው ነበር። ከዚያ አሰብኩ፣ ያቺ እኔ ካልሆንኩ ኮንትራቱን ያሳደሰችውም እኔ አይደለሁም ማለት ነው፣ እህቴ ደግሞ ፈተናዋ ደርሷል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አይደገምም» አልኳቸው። አመኑኝ መሰለኝ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ሄዱ። እኔ ግን ያንን ቀን ሙሉ ወለሉን ስወለውል ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ በስሟ ቃል ገባሁላት፣ ዛሬ ማታ የት እንደምትሄድ ግን አላውቅም።